ህዳግ

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤ ኤድመንተን፣ ጥር ወር፤
መኪናዬ ገመዷን ከግድግዳ ሰክታ ሙቀት ስትጠባ የምታድር።
ሁለት ሰዓት ላይ ከድልድዩ ሥር፣ መዶሻዬን ይዤ፣
ኮንክሪቱን አንኳኳለሁ፣ በውርጭ ደንዝዤ፤
ጤነኛው ጥርት ብሎ ይመልሳል፣ የታመመው ያጉረመርማል፤
ያንን በጠመኔ ከብቤ፣ ቁጥር ሰጥቼው አልፋለሁ።

ማታ ደግሞ ክፍል አለኝ፤ የንዝረት ስሌት፤
አውቶብስ ላይ መጽሐፉ ሲንሸራተት ከጉልበት፣
ስነቃ ሁለት ፌርማታ አልፌ፣
በበረዶው ወደ ኋላ፣ በእግር።

ከዚያ ጋራዥ፦ ስንዝር የሚሆን ክብ መስተዋት፣
በአሸዋ ዱቄትና በውሃ የምፈትገው ሌት ሌት፤
ገፋ፣ ሳብ፣ ዞር፤ ገፋ፣ ሳብ፣ ዞር፤
የሳተርንን ቀለበት አንድ ቀን ጓሮዬ ላሳድር።

እህቴ ስመኝ ከካልጋሪ ደውላ፣
«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብላ
ሳቀችብኝ።
«ሁለት ባላ ትከል» ያለውስ፣ አልኳት፣
መሐንዲስ መሆን አለበት።
ሦስተኛውን ባላ ግን አልነገርኳትም፦
በመሳቢያዬ ያለውን፣ ማንም ያልሞከረውን ርዝመት
ያለ መሐል ምሰሶ የሚሻገር
የእኔን ድልድይ።

እውነቱን ልናገር፦
ሃያ ቶን ለሚያልፍበት አርባ አስባለሁ፤
ለድልድይ ህዳግ እተዋለሁ።
ቀኔን ግን ልክ በልክ ቆረጥኩት።
ትናንት ሌሊት ደረቴን በጣቴ አንኳኳሁት፤
ጆሮዬ እዚያ አልደረሰም።

ይህንንም የጻፍኩት ከስሌት ወረቀቴ ጠርዝ፣
ከህዳጉ ላይ ነው፤
እሱም ሞላ።

መስተዋቱ ገና ጉም ነው።
ጠመኔዬ ኪሴ ውስጥ አለ።