የት ነበር ያቆምነው?

መጀመሪያ ሲመጣ ዓሣ ስፍቅ ነበር፣
አሞራ ገደል ጥግ፣ ከጀልባዎቹ ሰፈር።
«ስንተኛ ክፍል ነህ?» «አምስት» አልኩት ሳልዞር።
«ሰባት ጊዜ ስምንትስ?»
                    ቢላዋዬ ቆመ።
ይስቃል ስል እሱ ዝቅ ብሎ ለቀመ፣
ቆሮሶ ደረደረ ሸራው ላይ በረድፍ፣
ሰባት እስኪሞላ፣ ስምንት ስምንት ሳይገድፍ።
«ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ። ሃምሳ ስድስት ዓሣ።
«ቅዳሜም መጣለሁ፤ እስከዚያ አትርሳ።»

ከእሱ በፊት ስንቱ በመኪና መጣ፣
ካናቴራ ሰጠን፣ ፎቶ አነሳን፣ ወጣ።
ካናቴራው ነትቦ መወልወያ ሆነ፣
«አይዟችሁ» ያለን ድምፅ ከሐይቁ ጉም ጋር በነነ።
ስለዚህ አላመንኩም።
መጣ በቅዳሜ።
በሚቀጥለውም።
በሦስተኛው፣ ቆሜ
ስጠብቀው ራሴን ያዝኩት።

ጋሽ ዱካሞ ይባላል፤ መሬት ቀያሽ ኖሮ፣
ጡረታ ወጥቶ እንኳ ሜትሩን ቋጥሮ
ከኪሱ የማይለይ።
«ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤
ቁጡ ነው፣ ቆንቋና፤ እርሳስ አያባክንም፤
ስሳሳት ዝም ብሎ ላጲሱን ያቀብላል።
ደብተሬ ዓሣ ይሸታል፣ ቅርፊት ደርቆበታል፤
የክፍል ልጅ የሚሸሸውን እሱ ያገላብጠዋል።
አንድ ቀን ታቦርን በጣቱ አሳየኝ፦
«ቁመቱ ስንት ነው?» «ልውጣና ልለካ?» «የለም» አለኝ፣
«እዚሁ ቆመህ ለካ።»
በማዕዘን መለኪያ፣ በክርና በጠጠር
ታንጀንት የሚሉት ገባኝ፣ ተራራው ሳይነካ፣ ከሐይቁ ዳር።

ሰባት ዓመት እንዲህ።
ከዚያ ማትሪክ ወደቅኩ።
ከሰው ፊት፣ ከእናቴ ፊት፣ ከእሱም ተደበቅኩ።
ሁለት ቅዳሜ አለፈ። መረብ እፈታለሁ፣
ለሰው ተቀጥሬ፣ «በቃኝ» እላለሁ።
በሦስተኛው መጣ፣ በዝናብ፣ በባጃጅ፣
ሱሪው እስከ ጉልበት ጭቃ፣
ጃንጥላው የተገነጠለ።
የዓሣ ሾርባ አዘዘ፤ አጥንቱን እየለየ
ስለ ውጤቴ አንድ ቃል ሳይናገር ቆየ።
ቤታችን ደርሶ ኖሯል፤ ደብተሬን አወጣው፣
መነጽሩን ጠርጎ፦ «የት ነበር ያቆምነው?»

በዓመቱ ደግሜ አለፍኩ። «ጎበዝ» አላለኝም፤
«ሎጋሪዝም ላይ» አለ፣ «አሁንም አልጠራህም።»

ዘንድሮ እኔም አለችኝ አንዲት የጋራዥ ልጅ፣
ቢታንያ፣ አምስተኛ ክፍል፤ ደብተሯ ናፍጣ ናፍጣ የሚል፣
እኔ የማልሸሸው።
ክፍልፋይ ላይ ነበርን፤ ሦስት አራተኛ፣ አንድ ስምንተኛ፣
የተቆረጠ ጎማ እየሳልን።
ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ባዶ ወንበር አየሁ።
ለጋሽ ዱካሞ ደወልኩ፤ «ጠፋችብኝ» አልኩ።
ጆሮው ደክሟል፤ ደገምኩለት። ረጅም ሳል ያዘው፣
ከዚያ እንደ ሒሳብ ጥያቄ፦
                    «ሦስተኛው መቼ ነው?»