ከመቶ ላይ ሰባት

ነገ ሰኞ ነው።
ማራኪ፣ ከቆርቆሮው በር ጀርባ፣ በተከራየሁት ክፍል፣
ጋውኔን ስተኩስ አመሸሁ፤ መብራቱ ድንገት እልም ሲል
ግማሹ ተተኩሶ፣ ግማሹ እንደተጨማደደ፣
ሚስማር ላይ አንገቱን ደፍቶ
እንደኔው ነገን ፈራ፣ እንደኔው ነገን ወደደ።

በስልኬ ጭላንጭል አየሁ የአዲሱን ሴሚስተር ሰሌዳ፦
የሱስ ሕክምና፣ የንግግር ሕክምና፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ዕዳ፣
ማክሰኞና ዓርብ የሌሊት ተራ፣
ካምና ወዲህ ያኮረፈኝ ስታትስቲክስም ከነሱ ጋራ፤
ከሥሩ ደግሞ ደስዬ የላከችው አጭር መልእክት፦
«አምባው ተመልሷል። አልጋ አራት።»

ኅዳር ላይ ነበር የመጣው፣ ከመተማ፣ ከሰሊጡ አገር፤
ኩንታል ቆጣሪ ነበረ። እጁ አንጓ ላይ የገመድ ሰንበር።
ቅጹን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እንደተማርኩት ጠየቅሁ፦

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»
«ሚካኤል። ነገ እግዜር አብ።»
ስልኬን ሰረቅ አርጌ አየሁ። ልክ ነው።

«አሁን ያለነው የት ነው?»
«ሰው አፍ ውስጥ።»
ይህን የት እንደምጽፈው ጨነቀኝ።

«ከመቶ ላይ ሰባት ቀንስ። ከቀረው ደግሞ ሰባት።»
መዳፉን ገልብጦ አየው፣ ያን ሁሉ ኩንታል የቆጠረበት።
«መቀነሱንስ እቀንሳለሁ፤
ሰባቱ የት ነው የሚገቡት?»

ጻፍኩ፦ «ትኩረት፣ የተዛባ።»
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባ።
ኬዙን ባቀረብኩ ጊዜ መምህሩ አመሰገኑኝ፤
እኔ ለሱ ዜሮ ሰጠሁት፣ እሳቸው ኤ ሰጡኝ።

ሰባቱ እነማን ናቸው? ብዬ አልጠየቅሁትም።
ቅጹ ላይ አልነበረም።

ጥምቀት አልፏል። የፋሲል መዋኛ ጎድሎ ድንጋዩ ወጣ።
ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ፣ ከቤተ መጻሕፍት ስመጣ፣
ዛፉ ሥሩን እንደ ጣት አርጎ ግንቡን ጨብጦ አየሁ።
ግንቡ ነው ዛፉን የያዘ፣ ወይስ ዛፉ ግንቡን? አልሁ።
ዘበኛው ሰምተውኝ ኖሮ፦ «ይተዋቸው፣ ተላምደዋል»
ብለው በሩን ዘጉ።

እናቴ ከዳባት ደወለች፤ ቃሏ እንደወትሮው ቁጥብ፦
«ትምህርትሽስ ልጄ፣ ይጎድላል እንጂ አያልቅ እንዳንገረብ።
ጨርቁን የጣለ ልታስታምም ነው ሁለተኛ ዲግሪ? ይላሉ ሰዎቹ።»
ዝም አለች። ከኋላዋ ይሰማል፣ ሲያላዝኑ ውሾቹ።
«ይሁን። መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ።»
ካርዷ አለቀ።

ጨርቅ!
ጨርቄን ማቄን አልልም ብዬ ነበር ስመዘገብ።
መንገዴ ጨርቅ ከሆነማ፣ ከጠርዙ አንድ ክንድ ልቅደድ፤
ጨርቁን ለጣለው ለአምባው
ትከሻው ላይ ጣል ላርግለት፣ አብረን እንድንሄድ።

እንቅልፍ እንቢ ሲል ራሴን ፈተንኩ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ከመቶ፦
ዘጠና ሦስት። ሰማንያ ስድስት። ሰባ ዘጠኝ። ሰባ ሁለት።
ስልሳ አምስት ላይ አባቴ መጣ፤
ግድግዳ እያየ የኖረው፣ ያንን ሁለት ሙሉ ዓመት፣
«ድካም ነው» እየተባለ፣ «ጸሐይ ይሙቅ» እየተባለ፣
ማንም ምንም ሳይጠይቀው
እንደ አሮጌ ግድግዳ ሰዓት አንድ ቀን ቀጥ ያለ።

ቁጥሩ ጠፋኝ። እንደገና።
ቀነስኩ፣ ቀነስኩ፣ ቀነስኩ። መቶው ግን አላለቀም፤
ከመጨረሻው ሰባት ወዲያ
ሁለት ቀረ። ከሁለት ላይ ሰባት አይቀነስም።

ነገ ከአልጋ አራት ጎን እቀመጣለሁ፣ ቅጹን ሳልዘረጋ፦
አንድ ወንበር፣ አንድ አልጋ።
«አቶ አምባው፣ እንደምን ከረሙ?
ያን ጊዜ የጠየቁኝን አላገኘሁትም።»
ከዚያ ወዲያ ምን እንደምል አላውቅም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ።
ካውያውን ሳልነቅል ተኝቼ ኖሯል፤ ተነስቼ ነቀልኩ።
የጋውኑን ሌላ ግማሽ
እንደተጨማደደ ተውኩት።