በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረ

ሰንደቁ በተሰቀለ በዘጠነኛው ቀን፣
ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ እያደነቆረን፣
የሴንት ኦዲል ደሴት ካቢኔ፣ የሠራተኛው ፓርቲ በኩር፣
ገዢው በተወው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰየመ ሊመክር።
እኔ መስኮቱ ደፍ ላይ ነኝ፤
ትናንት ወደብ ላይ ሙዝ መዛኝ፣
ዛሬ ቃል መዝን ብለው ብዕር ያስጨበጡኝ።

ወንበሩ አሥራ ሁለት፤ ሰዎቹ አሥራ ሦስት።
አንዱን ገዢው ጭኖት ሄዷል፤ ለትዝታ ይሁን ለክፋት።
ኢዚዶር ፕላሲድ፣ የሥራ ሚኒስትሩ፣ ሳቀና ወጣ፤
ባዶ የሙዝ ሣጥን በትከሻው ይዞ መጣ፤
ገለበጠና ተቀመጠበት።
"ይሄንን ቂጤ ያውቀዋል፤ የገዢውማ ይቅርበት።"

ግድግዳው ላይ፣ ምስሉ ከወረደበት፣
ፀሐይ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀርቷል፤ ትኩስ ቀለም።
"እዚህ ማን ይሰቀል?" ተባለ።
አንገቱን የዳሰሰ ነበር። ማንም ምንም አላለም።

ሚስ ዩላሊ አለች፤ የጤና ሚኒስትሯ፣ አዋላጅ የነበረች፣
ከአሥራ ሦስቱ ስድስቱን በእጇ የተቀበለች፤
"ዝም!" ስትል ጠቅላይ ሚኒስትሩም ዝም ይላል፤
እትብቱን ከቆረጠው እጅ ጋር ማን ይሟገታል?

ቴዎፊል ዠርሜን፣ የገንዘቡ፣ የአምስተኛ ክፍል መምህር ነበር፤
በጀቱን ዛሬም በጠመኔ ነው የሚያስረዳው፣ በሰሌዳ፦
አንድ ሐኪም። አንድ ድልድይ፣ ግማሹ የተሠራ። ዕዳ።
ዕዳው ሰሌዳውን ሞላና ወደ ግድግዳው ተሻገረ፤
ያን ባዶ አራት ማዕዘን በቁጥር መሙላት ጀመረ።

የባለ እርሻዎቹ ጋዜጣ "የእንቧይ ካብ" አለን።
ይበላ። ለእንቧይማ ብዙ ነው፣ ክረምቱን አልፈን ቆምን።

በአራተኛው ወር፣ ሐሙስ፣ ወደቡ ሥራ አቆመ።
መርከቧ ባዶዋን፤ ሙዙ በየሣጥኑ ቢጫ ወባ ታመመ።
የጠየቁት በሰዓት አሥር ሳንቲም ነው፤
ቴዎፊል ደመረው፣ ቀነሰው፣ ደግሞ ደመረው፤
"ሒሳቡ ልክ ነው" አለ፤ "ያስተማርናቸው እኛው ነን።
ሳንቲሙ ነው የሌለን።"

ዐቃቤ ሕጉ መሳቢያ ስቦ
የገዢውን አዋጅ አወጣ፣ ከነአቧራው፣ ከነሽታው።
አልሻርነውም። ጊዜ አልነበረንም፤
(ወይም ይጠቅም ይሆናል ብለናል፤ ይህን አልጻፍኩም።)
"ፖሊስ ይላክ" ይላል አንቀጽ ስድስት።
አዋጅ ነገር አያስረዝምም።

ከአዋጁ ጋር ተጣብቆ አንድ ፋይል ወጣ፤
ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሣጥኑ ዘንድ መጣ፦
"ፕላሲድ፣ ኢዚዶር። አደገኛ። በየትኛውም ወደብ እንዳይቀጠር።"
በሦስት ጣቱ ገለጠው፤ ሁለቱን ክሬኑ በልቶበት ነበር።
አነበበ። ደግሞ አነበበ።
ከመስኮቱ በታች፣ በባሕሩ በኩል፣ ድምፅ ተሰበሰበ፦
"ሚዛኑን አስተካክሉት!"
እሱው በጎረምሳነቱ ያወጣው ቃል ነው፤ ሌሎች አፎች ወረሱት።

ብዕሬን አጥብቄ ያዝኩ። ይህን ማንም አያውቅም፦
ያኔ ከየሣጥኑ ሁለት ፓውንድ ሚዛን የሰረቅኩት፣
ታዝዤም ቢሆን፣ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም።

ዝም አሉ። ዝምታ በቃለ ጉባኤ እንዴት ይጻፋል?
ስንት መስመር ይይዛል?
"ምጥ ነው" አለች ሚስ ዩላሊ፣ ለማንም ሳይሆን፤
"አታጣድፉት።"

ኢዚዶር ተነሣ፤ ሣጥኑን አነሣ፤
ትከሻው ቦታውን አልረሳ።
ይቆምበት ይሆን ይቀመጥበት፣ ይልቀቅ ይታረቅ፣ አልነገረን፤
በሩን ክፍት ተወልን።

ቆጠርኩ፦ የቀሩት አሥራ ሁለት፤ ወንበሩ አሥራ ሁለት።
ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነ፤ ሁሉም ተቁነጠነጠበት።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "አጀንዳ ሦስት፤ ለሌላ ቀን ተላልፏል።"
እጄ ልማዱን አልተወም፤ ሁለት ፓውንድ ጎድሏል።