ሒሳቡ በጫማ መጣ

ሦስት ወር ሙሉ በወተት ጣሳ ያጠራቀምነው፣
አራት ሆነን ነበር፤ ሦስት ነን የመጣነው።
ይመኙሻል ድርሻዋን ከፍላ፣ ቀሚሷን ተኩሳ፣
"እንግዳ መጣ" ተብላ ቀረች፣ ወደ ማድቤት ተመልሳ።

ሰዓዳ ጥፍር ትቀባለች፣ እናኑ ላውንደሪ ናት፣
እኔ ጸጉር እሠራለሁ፣ ጉዴቢያ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን ካለችው ጠባብ ቤት።
በታክሲ ሄድን፤ ለእንዲህ ያለ ቀን አውቶቡስ ነውር ነው፤
ሾፌሩ "ሰርግ ነው?" አለን።
"ተረት ነው" አልነው።

ሆቴሉ ከማናማ ባሕር ዳር፣
በሩ ላይ የወረቀት ጫካ፣ የፕላስቲክ ጨረቃ፣
ቅርንጫፉ ላይ በባትሪ የምትዘምር፣
ባትሪዋ ሲደክም የምታቃስት ጭቃ ቀለም ወፍ።
ፊቱ ለቆመ ሁሉ "ቆንጆ ነሽ" የሚል መስታወትም አለ፤
እናኑ ሁለቴ ተመልሳ ቆመችበት፣
"ለሁሉም እንዲህ ነው የምትለው?" ብላ ጠየቀችው።

ሻይ የሚቀዳልን ንጉሥ ነው።
የካርቶን ዘውድ፣ ቀይ ካባ፣ ደረቱ ላይ "ሮሄል" የሚል ስም።
በኛ ተረት ንጉሥ ያዛል እንጂ አይታዘዝም፣
ጎንበስ ብሎ "ስኳር ስንት?" አይልም።
ለሰዓዳ በሹክሹክታ፣ ካባው ይሞቃል፣ ዘውዱ ጆሮዬን ላጠኝ፣ አላት፤
"ግድ የለም፣ ንግሥናዬ እስከ ሁለት ሰዓት ናት።"

ሦስት ደርብ ሳህን መጣ።
ታች፣ ኪያር በዳቦ፤ ጣት የምታህል፤
ዳቦውን ማን እንደላጠው እንጃ፣ ጠርዝ የለውም።
መሐል፣ ዱባ የሚመስል ኬክ፣ በአራት የቸኮሌት ጎማ የቆመ።
ላይ፣ ከስኳር የታነጸ ቤተ መንግሥት፤
እናኑ "ለአንድ ጉርሻ ይኼ ሁሉ ግንብ?" ብላ ጎረሰችው፣
የስንቱን ነጋሢ ዘመን ባንድ ጉንጭ ጨረሰችው።

ከጎናችን ክንፍ ያሰረች ሕፃን ነበረች፣
እናቷ ስልክ ላይ። መጥታ ጠረጴዛችን ጠርዝ ላይ አገጯን አስቀመጠች።
"ካን ያማ ካን" አለችን፣
በር እንደሚያንኳኳ ሰው።
እኔም ሳላስበው "ተረት ተረት" አልኩ፤
ሁለቱ፣ አፋቸው ክሬም እንደሞላ፣
"የላም በረት!"
ንጉሡ ደንግጦ ሻይ ደፋ።

በሳሎን ዐረብኛዬ አያ ጅቦን ጠራሁት።
የማውቀው ቃል፦ አጭር፣ ረጅም፣ ጫፉን ብቻ፣ ሙቅ ውሃ፣ ይበቃል።
በዚያው ጅብ ሠራሁ፦
ጸጉሩ አጭር፣ ጥርሱ ረጅም፣
ከአህያዋ የተረፈው ጫፉ ብቻ፣
ሆዱ "ይበቃል" የሚለውን ያልተማረ።
"ከዚያስ?" አለች ልጅቷ። እናቷ ጠራቻት።
ጅቡ ሙቅ ውሃው አጠገብ ቀረ፤
እስካሁንም እዚያው ነው።

ሒሳቡ በጫማ መጣ፤
የመስታወት ጫማ፣ ውስጡ የተጠቀለለ ወረቀት።
ሰዓዳ ወረቀቱን ለኛ ትታ ጫማውን ለካችው፤ እግሯ ቁጥር አርባ፣
አውራ ጣቷ እንኳ አልገባ።
"ልዑሉ ሲዞር ይክረም" አለች፣ "እኔ ነጠላ ጫማዬ ይበቃኛል።"
ወረቀቱን ሦስቴ አነበብነው፤ ቁጥሩ አልቀነሰም።
ዲናር በዲናር ቆጠርን፣
ለንጉሡም ጉርሻ ሰጠን፣
ዱባውን በሣጥን አስጠቅልለን ወጣን።

ሪፋ፣ ከአጥሩ ኋላ፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ፣
ይመኙሻል ጥቁር ፌስታል ይዛ ወጣች፤
ከሽርጡ ሥር የተተኮሰው ቀሚስ።
ዱባው ተዳምጦ፣ አንድ ጎማው ወልቋል።
ቆማ በላች። በጣቷ ሳይሆን
በዚያ ጠርዝ በሌለው ዳቦ ከንፈሯን አበሰች፣
"ተረቱን ሳትነግሩኝ አፌን አስጠረጋችሁኝ" አለች።

ልንጀምርላት ስንል ከውስጥ "ሚሚ!" አሉ፤
ስሟን በሙሉ የጠራት የለም እዚያ ቤት።
ባዶውን ሣጥን መለሰችልን፤ እዚያ ብትጥለው ይታያላ።

ሁለት ሰዓት ሆነ።
ሮሄል ይሄኔ ዘውዱን አውልቆ
ጆሮውን እያሻሸ ይሆናል።