ዘጠኝ ግራም

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ተቀምጬ
የሰው ጥቅል ስመዝን፣ ቴምብር ልሼ፣ ማኅተም ረግጬ፣
አንድም ቀን አልጠየቅሁ «ምን ይዟል?» ብዬ፤
ግራሙን ጽፌ ሸኘሁ፣ ሒሳቡን ተቀብዬ።

ዛሬ የራሴን ዕቃ ሳሎን ወለል ላይ ዘርግቼ
በዚያው አሮጌ ሚዛን ፊት አመሸሁ፣ መነጽሬን አውጥቼ።

መንገዱ ከማሪቦር ይነሳል፣ ጫካ ለጫካ ዞሮ
ስሎቬንያን አቋርጦ ባሕር ይገባል፣ ድንጋይ ቆጥሮ።
ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር። የጉልበቴ ዕድሜ ስድሳ አራት ዓመት።
ጥያቄው እንግዲህ አንድ ነው፦ ማን ይሄዳል? ማን ይቀራል ቤት?

ጎረቤቴ ዬርኔይ መጣ፣ መንገዱን ሦስቴ የጨረሰ፣
ሰው ዕቃ ላይ ሲያመነታ ካየ ሳቁን ያልመለሰ።
«ዝደንካ፣ አንድ አንዱን አንሺና ጠይቂው፦ ሎሌ ነህ ወይስ እንግዳ?
ሎሌው ይከተልሽ፤ እንግዳው ይሰናበት ከጓዳ።»

ድንኳኑ ቀድሞ ወደቀ፣ በየተራራው ማደሪያ አለና።
ትንሿ የጋዝ ምድጃም ተከተለች፣ እዚያ ሾርባ አይጠፋምና።
ሁለተኛው ሱሪ ተከራከረ፤ «ብትረጥቢስ?» አለኝ።
ዣንጥላውን ግን ሸጎጥኩት፤ ዬርኔይ እንደሆነ፣ ይሳቅብኝ።
የጥርስ ብሩሼን እጀታ በመጋዝ ቆረጥኩ፤ አምስት ግራም!
በዚያው እጄ የሎይዜን ፔርሙስ አነሳሁ፣ ባዶውን አንድ ኪሎ፤ አላፍርም።

ጎኑ ተሰርጉዷል፣ አንድ ክረምት ከእጁ በረዶ ላይ ወድቆ፤
ክዳኑ ሲከፈት የሎሚ ሻይ ይሸታል፣ ሦስት ዓመት ደርቆ።
ሎሌም እንግዳም አይደለም። ባለቤት ነው።
ባለቤት ቤት ይጠብቃል አልኩና
ፊቱን ወደ መስኮት አዙሬ ተውኩት። ይኸው ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ፣ ለአንድ ሰው ሸክም፤
እኔ ደግሞ አንድ ነኝ፤ አንዷን ሎሚ እንኳ በዋዛ አልሸከም።

በአራተኛው ቀን ትከሻዬ እንደተገረፈ ቀልቶ
ከፖሆርዬ ጫካ ወረድኩ፣ እግሬ እርምጃ ጠልቶ።
ስሎቬን ግራዴትስ ፖስታ ቤት ገባሁ፦
ሱሪው፣ አቅራቢ መነጽሩ፣ ግማሹን ያነበብኩት ልብ ወለድ፣
ሦስቱም በካርቶን ታሽገው ቤት ሊገቡ በመኪና መንገድ።
ከባንኮኒው ወዲህ ማዶ ቆሜ አላውቅም ነበር።
ልጁ «ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ» አለ፣ ምን ይዟል ብሎ ሳይመረምር።

ስወጣ ቀለልኩ። ሰው ፊት መቅለል ነውር ነው፣ ዳገት ፊት ግን ጸጋ፤
እንዲህ እያልኩ ተራራውን ያዝኩት፣ በማግስቱ ገና ሳይነጋ።

ካራቫንኬ ጫፍ ላይ ዝናብ ያዘኝ፣ አግድም የሚመታ፤
ዣንጥላዬን ነፋስ ገለበጠው። ዬርኔይ ያን ቀን ረታ።

ማደሪያው በር ላይ ኔያ የምትባል ልጅ አገኘሁ፣ ከክራን የመጣች፣
ቦርሳዋ ከአንድ ዳቦ የማይበልጥ፤
ጠዋት «አራት ኪሎ ብቻ!» ብላ የኮራች።
አሁን እግሯ እንደ ዓሣ ሆድ ነጥቷል፣
ቅያሪ የላትም፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።
ሦስተኛውን ካልሲዬን ሰጠኋት።
ያን ካልሲ ሳሎን ውስጥ ሁለቴ አውጥቼው ሁለቴ መልሼዋለሁ፤
ሚዛኑ «ሰማንያ አራት ግራም» አለኝ እንጂ
የማን እንደሆነ አልነገረኝም።

እኔም ሻዬን በፕላስቲክ ኮዳ አቅፌ ተኛሁ። ከእኩለ ሌሊት በፊት በረደ።
ያ ፔርሙስ፣ ከመደርደሪያው ላይ፣ ሳልሸከመው ከበደ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ አንካራን። ባሕር።
ቦርሳዬን ድንጋይ ላይ ገለበጥኩት።
መርፌና ክሩ አንድ ቁልፍ ሰፍተዋል።
ሻማው ግማሹ ነዷል። ቢላዋዋ ዓይብ ዓይብ ትሸታለች።
ቀይዋ ፊሽካ ብቻ፣ ዘጠኝ ግራም፣
አንድም ቀን ሳትነፋ ተራራ ለተራራ ዞራለች።

ዬርኔይ በስልክ «እንግዳ ናት፤ ጣያት» አለ።
አልመለስኩለትም። አፌ ውስጥ አደረግኋት፤ ጨው ጨው አለችኝ።
ልጆች ይዋኙ ነበርና አልነፋኋትም።

አጥቤ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ መለስኳት።
ቦርሳው ባዶ ነው፣
ከዘጠኝ ግራም በቀር።