ባዶው ሚስማር

ቤቴ የመጣ ሰው ቀና ብሎ ይቁጠር፤
ከጣሪያው በታች ነው፣ በየሚስማሩ ዳር፣
ሠላሳ ስምንት ኳስ በሲባጎ ታስሮ፣
አንዱ ገና ወፍራም፣ አንዱ እንደ ደረቀ ቅል ጎኑ ተሰብሮ።
ረውዳ ትላለች፦ «ሠላሳ ስምንት ልጅ አሳደግሁ በቤቴ፣
‹ጨው ግዛ› ብለው አንዱም የማይነሣ ከፊቴ።»

ጎሚስታ ነኝ እኔ። ቤቴም ሱቄም አንድ ነው፣ ከሰሜኑ ጎል ኋላ፣ ካጥሩ ወዲህ፤
ማስቲሽ፣ መቀስ፣ አንድ ገንዳ ውሃ፣ አንድ የሚያለቅስ ፓምፕ አለኝ እዚህ።
በጨዋታ ቀን ባጃጁ ቆሞበት ነጂው ቢለምነኝ፣
እጄ ከመነዳሪው ላይ ነው፤ ጆሮዬን ተወኝ።

አጥሩን ዘሎ ሲመጣ ድምፁን አውቀዋለሁ፤
ቆርቆሮ ከመታ ወደ ቀኝ፣ ባሕር ዛፍ ከመታ ወደ ግራ እሮጣለሁ።
ምንም ካልመታ ግን አዌቱ ገብቷል፤
ክረምት ከሆነማ ወንዙ ይዞት ሄዷል፤
ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት፣
እንደ ጠፋ ባለዕዳ አሳድደዋለሁ ድልድይ እስካለበት።

ሌባ አይደለሁም ግን፤ ጋሽ በዳሶ ይናገር፣ የበሩ ዘበኛ፤
ደኅናውን መልሼ ነው የማስቀር በሽተኛ፦
ስፌቱ የተፈታ፣ ሆዱ የወጣበት፣
ዳኛው ተጭኖ አይቶ ራሱን የነቀነቀበት።
በየጎናቸው ላይ በስክሪብቶ ጽፌአለሁ፦
ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ የለጋውን ስም።
ይኼኛው የዚያ የቆጪ ልጅ ነው፣
ጉልበቱ ሳይሰበር፣ ባንድ ምት ጅማን ከመቀመጫዋ ያስነሣት።
አሁን ባጃጅ ይነዳል። ጎማ ሊያስነፋ ይመጣል፤
ኳሱ ከራሱ በላይ ነው፤
ቀና ብሎ አያይም፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል።

ሠላሳ ዘጠነኛው ሚስማር ግን ባዶ ነው፤
ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እርሱ ብቻ ነው።

ግንቦት ነበር፤ ደመናው ከጅሬን ጋራ ላይ ተንጠልጥሏል፤
አንድ ለባዶ እንመራለን፣ ሰማንያ ስድስት ደቂቃ ሆኗል።
አንዱ ኳስ ወንዝ ገባ፣ አንዱ ተነፈሰ፣
የቀረውን አንዱን ተከላካያችን አውቆ ለጋውና እኔ ዘንድ ደረሰ።
እቅፌ ውስጥ ገባ። አዲስ። ገና የሱቅ ሽታ።
አንድ ጭረት የለው። ለአፍታ ጸጥታ፣
ከዚያ ሺህ ሰው በፉጨት፦ «ሙክታር! እንዳትለቀው!
አራት ደቂቃ ነው! ዋጠው! ቅበረው!»

ሃያ ዓመት ሙሉ ጮኼላቸው፣ ስሜን የጠሩት ያኔ ነው።

የእንግዳው በረኛ ከዚያኛው ጎል ድረስ ሮጦ አጥሩ ላይ ወጣ፤
ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ ላቡ ካይኑ የወጣ፣
ጓንቱ በፕላስተር የታሰረ። ይሰድበኛል ስል፣
«አባባ» አለኝ፣ «ተሸንፈንም ቢሆን እንጨርሰው» ሲል
ድምፁ ተሰበረ።
ኳሱን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት፤ የሙያ ነገር።
ነፋሱ ልክ ነው። ስፌቱ ልክ ነው።
የማስቀርበት ሰበብ አልነበር።

ወረወርኩለት።

በዘጠና ሦስት አገቡ። በዚያው ኳስ፣ በጭንቅላት።
ለአንድ ወር የጅማ ጎማ ሁሉ ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ ተነፋ፤
አባ ፊጣ ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ይጠፋ ጀመር፣ ወንበርም ጠፋ።
ከሱቄ በር ላይ አንዱ በኖራ «የእነሱ በረኛ» ብሎ ጻፈ፤
አልፋቅሁትም፤ ሐምሌ ዝናቡ አጥቦት አለፈ።

ያን ቀን ጠዋት ነበር ሚስማሩን የመታሁት፣ ለሚመጣው ኳስ ብዬ።
ማታ ረውዳ አይታው «ልንቀለው?» አለች።
«ተይው» አልኳት፣ ፊቴን አዙሬ።

አሁን ጃንጥላዋን ትሰቅልበታለች፤
ይንጠባጠባል።
ከሥሩ ጣሳ አኑሬአለሁ።