አሥር ጥርስ፣ ሃያ አንድ ጥርስ

ወደ አሰላ መውጫ፣ ነፋሱ አሸዋ ከሚቆላበት፣
የወርዶፋ ጋራዥ አለ፤ በርም ሰሌዳም የሌለበት።
የአባቴን ላንድሮቨር በአይሱዙ ጎትተን አደረስናት፣
ሞተሯ ተጣብቆ፣ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ጥላባት።

ወርዶፋ ኮፈኗን ከፈተ፤ ዘይቷን በጣቱ አሸተተ።
«ይሄ አበቃለት። አንቺ ግን አታልቅሺ፤
የተጋጨ ሚኒባስ አለኝ፣ ቶዮታ፣ ናፍጣ፤ ነይ፣ ተነሺ።»

ሬሳው ከግራር ሥር ቆሟል፤ ፊቱ ተጨፍልቋል።
ሞተሩን መታ መታ አድርጎ «ይሄ ገና ልጅ ነው» ይላል።
«ሞተርማ ይገባል፤ ቦታውም አይጠብም፤
ጣጣው ከካምቢዮው ጋር ነው፤ ሁለቱ አይነጋገሩም።»

ከዚያ አንበርክኮ አሳየኝ፦
የእንግሊዙ ዘንግ አሥር ጥርስ፣ የጃፓኑ ፍሪሲዮን ሃያ አንድ፤
አይገባ በግራሶ፣ አይገባ በመዶሻ፣ አይገባ በዘመድ።

«ካምቢዮውንም ለውጠዋ!» አልኩት።
«ካምቢዮው ሲለወጥ ትራንስፈሩ ይከተላል፣
ትራንስፈሩ ሲነሳ የፊት እግሯ ይሽመደመዳል፤
መጨረሻ ላይ ለአባትሽ ቆርቆሮው ብቻ ይቀራል።»

ስለዚህ በድሩ ጋ ሄድን፤ ቶርኖ ቤቱ ከመብራት ኃይል ጀርባ፣
ብረት ፍቆ ብረት የሚያጋባ።
የሁለት ፍሪሲዮን ሆድ ቀዶ የአንዱን ልብ ከአንዱ ክንፍ ሰፋ፣
እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ትንፋሹ ግን ጠፋ።
ከወፍራም ላሜራ ክብ ቆረጠ፣
በአንድ ፊቱ ለጃፓን ቡሎን፣ በሌላው ለእንግሊዝ ቡሎን ጉድጓድ ሰጠ።
«አማች» ይሉታል እነሱ። አማች ከሁለቱም ቤት ይሰደባል፤
ቤቱ እንዲቆም ግን መሐል ላይ ቀጥ ይላል።
«ፀጉር ታህል ከተዛነፈች» አለ በድሩ፣ «ኩሽኔታውን ትበላዋለች፤
መጀመሪያ ታንጎራጉራለች። ኋላ ትጮኻለች።»

መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ።
ሚልኬሳ፣ ረዳቱ፣ የወንጂ ሸንኮራ ይመጥ ነበር፤
እኔ ብር እቆጥር ነበር።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ተነሳች። ድምጿ ግን የሚኒባስ ሆነ፤
«ሞጆ! ሞጆ!» የሚል ረዳት ብቻ ጎደላት።

የመንገድ ትራንስፖርት ጸሐፊዋ ሊብሬውን አገላበጠች፤
«ሻንሲው ሌላ፣ ሞተሩ ሌላ፤ ታዲያ የቷ ነች?»
መልስ አልነበረኝም። ቴምብር ገዛሁ።

አባቴ ከደጅ ሆኖ ሰማን። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል።
«ታክሲ ነው» አለ፣ «ቤት ተሳስቷል።»
ሃያ ስድስት ዓመት የወባ መድኃኒት ጭኖባት
ከዝዋይ እስከ ዶዶታ የዞረባት
ሰው፣ አላወቃትም።

ክንዱን ይዤ ከመሪው ፊት አስቀመጥኩት።
ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ለቀቀ። ደግሞ ረገጠ፤
ያቺ ሁለተኛ ማርሽ፣ አንዴ ተረግጦ የማትገባ፣
እጁ ሳያይ፣ ሳይፈልግ ሄደ፣ ወደ ገዛ ኪሱ እንደሚገባ።
ጠቅ።
ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም።

በማግስቱ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ መሬቱን ዳሰሰ፤
ከካምቢዮዋ ዘይት፣ እንደ ድሮው፣ ጠብታ ጠብታ ፈሰሰ።
አሸተተው።
«አልተሻላትም» አለኝ።
«ያቺን የጥንቷን ጣሳ አምጪና ከሥሯ አድርጊባት» አለኝ።